ሃያ ሁለት ተኩል ሦስት ማዕዘን

አባቷ ከሞተ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ ለሁሉም ነገር «እሺ» ትል ነበር። ብዪ ሲሏት እሺ፣ ተኚ ሲሏት እሺ። ዘመድ አዝማዱ ይህን አይቶ «እንዴት ያለች ጨዋ ወጣት!» አለ። ጨዋነት አልነበረም። ልጅቱ ደንዝዛለች። የደነዘዘን ሰው ጨዋ እያሉ ማሞገስ ደግሞ ጭካኔ ነው፤ ያውም የሰነፎች ጭካኔ።

አክስቷ «ባለ ፋርማሲው ሊያገባሽ ይፈልጋል» ስትላትም እሺ አለች። ቅዳሜ መጥቶ ቁርጡን ከራሷ አፍ እንዲሰማ ተቀጠረ። እስከዚያ ለአዲሱ አልጋ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ ብርድ ልብስ እንድትሰፋ ታዘዘች።

ማክሰኞ ዕለት ብርድ ልብሱን ሳሎን ወለል ላይ ዘርግታ ጠርዙን ታቅድ ጀመር። መሃሉ አልቋል። ዙሪያውን በቀይና በነጭ ሦስት ማዕዘኖች ልትከበው ነው፤ የእያንዳንዱ ወርድ ስምንት ሴንቲሜትር። በአንዱ ጎን ሃያ ሁለቱን ደረደረች፤ ሃያ ሦስተኛው አልገባም። መቀሱን አነሳች።

«ኧረ በፈጠረሽ!» የሚል ድምፅ ሰማች። የኮሪደሩን ሴራሚክ ሊቀይር የመጣው አንጣፊ በሩ ላይ ቆሟል። «ምን አደረገሽና ነው የምትቆርጪው?»

«አልገባማ!»

«ከየት ነው የለካሽው?»

«ከዳሩ። አንዱ ጎን መቶ ሰማንያ አንድ፣ ፊት ለፊቱ መቶ ሰማንያ ሦስት።»

«ጉዱ እሱ ነው። ዳር ሲሰፋ ይለጠጣል። የቤት ግድግዳም ያው ነው፣ ቀጥ ያለ አታገኚም። እኛ ከመሃል ነው የምንነሳው።»

መሃሉን ለካች። ቁመቱም ወርዱም ልክ መቶ ሰማንያ።

«ለሃያ ሦስት ስንት ጎደለሽ?»

«አራት።»

«በቃ! ሦስት ማዕዘኖቹን ከመግጠምሽ በፊት በየጎኑ የሁለት ሁለት ሴንቲ ልሙጥ ጨርቅ አዙሪበት።»

«አንተ አንጣፊ ነህ ወይስ ሰፊ?»

«እናቴ ሰፊ ነበረች። ከእሷ ጠረጴዛ ሥር ነው ያደግሁት፤ መርፌ ስንት ጊዜ እንደወጋኝ አትጠይቂኝ።»

ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓቱ እየመጣ ከብርድ ልብሱ ማዶ ይንበረከክ ጀመር። ቀዩ ወደ ውጭ ይሁን ወደ ውስጥ ተከራከሩ፤ እውነቱን ለመናገር የተከራከረው እሱ ብቻ ነው። እሷ ስታጎነብስ ያያታል፣ ቀና ስትል ዓይኑን ወደ ሜትሩ ይመልሳል። አየችው። ምንም ስሜት ግን አልሰጣትም።

ዓርብ ሥራውን ጨረሰ።

«ማን ሊለብሰው ነው?» አላት።

«እኔና ባለ ፋርማሲው።»

ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ትወጂዋለሽ?»

«አልጠላውም።»

«እኔንስ?»

«አንተንም አልጠላህም።»

ሊስቅ ሞከረና ተወው። «እኔ ግን ወድጄሻለሁ።»

«ምንም አልተሰማኝም» አለች። ልታቆስለው አልነበረም፤ የሆነውን ነገረችው።

«አውቃለሁ። ስለዚህ ለእኔ እሺ እንዳትይ። ግን ለእሱም አትበይ። ባልተሰማሽ ነገር አትስማሚ፣ የኔ እህት።» መሣሪያውን ሰብስቦ ወደ ቀጣዩ ሥራው፣ መንገዱ ማዶ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄደ።

ቅዳሜ ባለ ፋርማሲው መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ «ፈቃድሽ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አክስትየዋ ፈጥና «ፈቃዷ ነው እንጂ! ደስታ አፏን ይዟት ነው» አለች።

«አይደለም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምን?»

«አላገባም፣ አክስቴ።»

«አበድሽ እንዴ? ሰው ምን ይላል?»

ይህ «ሰው» የሚባል ዳኛ አልጋዋ ላይ አብሯት አይተኛም፤ ፍርዱን ግን ሁልጊዜ ቀድሞ ይሰጣል። ባለ ፋርማሲው ኮፍያውን አንስቶ «እውነቱን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለ። አክስቷ ገና እየጮኸች ሳለ ልጅቱ ወጣች።

አንጣፊውን መንገዱ ማዶ፣ የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ወለል ሲያነጥፍ አገኘችው።

«ቁሚ! እዚያ ጋ አልደረቀም» አለና ቀና አለ። ፊቷን ሲያይ የሲሚንቶ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ምን አልሽው?»

«አይሆንም አልኩት።»

«ለእኔስ?»

«አላውቅም። ገና ነው።»

«ይሁና።»

ባዶ ባልዲ ገልብጦ አስቀመጠላት። ተቀመጠች፤ ወደ እግሯ አየች። ጫማ ሳታደርግ ነው መንገዱን ያቋረጠችው።

«በረደኝ» አለች፣ ለራሷ ወሬ እንደምትነግር ሁሉ ተገርማ። ከዚያ ደግማ፣ ጮክ ብላ፣ ዓይኖቿ እንባ እየሞሉ፦

«እግሬን በረደኝ እኮ!»

አንጣፊው ጃኬቱን አውልቆ ተንበረከከና እግሮቿን ጠቀለለላት።