ባሩድ የያዘ ሰው ሰላም አይባልም

ይርዳው ጥይት የሚሞላው በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ኩራዝ አብርቶ ባሩድ የሚከፍት ሰው ቤቱን የጠላ ሰው ነው ይላል፤ እውነቱን ነው። ጧት ቁርሱን ቀምሶ መስኮቷን ይከፍታል፣ የምድጃው አመድ መብረዱን በመዳፉ ዳብሶ ያረጋግጣል፣ ጠረጴዛውን በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል፣ ከዚያ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል። የተተኮሰ ቀለህ ሲመጣለት አጥቦ ያደርቃል፣ አፉ የተሰነጠቀውን በመዶሻ ጨፍልቆ ይጥላል፣ ደህናውን መልሶ ይሞላል። በተለይ ውጅግራ የሚባለው ያ ትንሽ ጣት የሚውጥ አፈሙዝ ያለው የአያቶች ጠመንጃ፣ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ። ዛሬ በዚያ አገር በለቅሶና በሰርግ ላይ የሚጮኸው ውጅግራ ሁሉ የይርዳውን እጅ ቀምሶ ነው የሚጮኸው።

ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ ሁለት ዓይነት ባሩድ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ አይወጣም። ውጅግራ የሚወደው ጥቁሩን ነው፤ ጥቁሩ ቀስ ብሎ ይነድዳል፣ ሲተኮስ ነጭ ጭሱ ሰውየውን እስኪሸፍነው ይትጎለጎላል። ምንሽርና ከምንሽር ወዲህ የመጡት ጠመንጃዎች ደግሞ ግራጫውን፣ ጭስ የሌለውን ይፈልጋሉ። እሱ ኃይለኛ ነው። አሮጌ ብረት ግራጫውን ከጎረሰ አይችለውም፤ ጥይቱ ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ ብረቱ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

ሁለተኛው ሕግ የእንግዳ ነው። ባሩድ የያዘ ሰው ሰላም አይባልም። የመጣ ሰው ጫማውን ደጅ አውልቆ ይገባል፣ ከይርዳው ጀርባ ባለው የእንጨት መደብ ላይ፣ አጎዛው ላይ ይቀመጣል፣ ይርዳው የእርሳሱን አረር ቀለሁ አፍ ላይ አስቀምጦ፣ እጁን ጠርጎ፣ ዞሮ “እንደምን ዋላችሁ” እስኪል ድረስ ትንፍሽ አይልም። ቄሱም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ምላሷ እሳት የሆነው ጎረቤቱ እንኳ እዚያ መደብ ላይ ስትቀመጥ ከንፈሯን ነክሳ ነው። ቤቱ ይህን ስለለመደ ይርዳው ሰውን በኮቴውና በትንፋሹ ይለያል።

በአንድ ሳምንት መጀመሪያ ላይ ምንይችል መጣ። ምንይችል የሟቹ የታላቅ ወንድሙ የገረመው ልጅ ነው፤ ሚስት ሊያገባ የደረሰ፣ ረጋ ያለ ጎልማሳ። እሑድ የአባቱ ሙት ዓመት ስለሆነ አሥራ ሁለት የውጅግራ ጥይት እንዲሞላለት ለመነው።

“የእናቴ ወንድም ጠመንጃ ነው። ብረቱን አይተኸው እመን፣ ጋሼ።”

ይርዳው ጠመንጃውን በብርሃን ላይ አንጋጦ አየው። ንጹሕ ነበር። ምንይችል ብረቱን እይልኝ ያለው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አባቱ የሞተው ዓምና፣ የሰው ለቅሶ ላይ ሲተኩስ፣ ውጅግራው ፊቱ ላይ ፈንድቶ ነው። ይርዳው በሽማግሌ ፊት “ብረቱን ዝገት በልቶት ነበር” ብሎ ምሎ ነበር። ሁሉም አመነው።

አሥራ ሁለቱን በአንድ ጧት መጨረስ ይችል ነበር፤ ለዚህ ልጅ ግን በቀን አራት አራት ብሎ ለሦስት ቀን ከፈላቸው። ሐሙስ ጧት ሁለተኛውን ቀለህ ሲሞላ ከኋላው መደቡ ሲጥ አለ። ኮቴ አልሰማም፣ በሩም አልተንኳኳም፤ ብቻ አጎዛው ላይ ሰው ተመቻችቶ ሲቀመጥ የሚሰማው ያ የደረቅ ቆዳ ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ረጅም፣ ሲወጣ ትንሽ የሚያፏጭ ትንፋሽ። እንይሽ ትሆናለች አለ በልቡ። እንይሽ የገረመው ሚስት ናት፤ የልጇን ጥይት እንዴት እንደሚሞላ ልታይ መጥታ ይሆናል። ቅር አለው። አራተኛውን ጨርሶ፣ እጁን ጠርጎ፣ “እንደምን አደርሽ” እያለ ዞረ። መደቡ ባዶ ነበር። አጎዛው መሐሉ ላይ ጎድጉዷል፣ ጸጉሩ በዝግታ እየተነሣ ነበር።

ዓርብ ያው ትንፋሽ መጣ። በዚህ ቀን ሽታም ነበረው፤ የተተኮሰ ቀለህ ሲታጠብ የሚወጣው ያ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ፣ ከርጥብ ጋቢ ሽታ ጋር ተደባልቆ አንገቱ ሥር ይመጣበታል። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ሠራ። በበሩ በኩል የሚገባው ብርሃን ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፤ መደቡ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢኖር ጥላው ቢያንስ ትከሻውን መጣል ነበረበት፣ አልጣለም። ስምንተኛውን ጨርሶ ሲዞር እንደ ትናንቱ ማንም የለም። ወደ ጠረጴዛው ሲመለስ ግን በጨርቁ ጫፍ ላይ ሦስት አራት ቅንጣት አየ። ግራጫ ነበሩ።

ግራጫው ባሩድ ያለው በተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉ ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ ታስሯል። ሣጥኑን ከፈተው። ቆርቆሮው እንዳስቀመጠው ተቀምጧል፣ ክዳኑም እንደተገጠመ ነው፤ ሲያነሣው ግን ከሚያስታውሰው ቀለለው። ደሙ ፈላ። እንይሽ ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል? እሷ ናት የገረመውን ሬሳ ያጠበችው፣ ፊቱን ያየችው። ዝገት እንደዚያ እንደማያደርግ ገብቷት ዓመት ሙሉ ዝም ብላ፣ አሁን አውቄብሃለሁ ልትለው ጠረጴዛው ላይ ትበትንበታለች። ቆርቆሮውን ይዞ ወርዶ ባሩዱን ወንዝ ውስጥ ደፋው፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ እሷ ቤት ሄደ።

እንይሽ ደጅ ላይ ሽሮ ታሰጣ ነበር። ይርዳው ፊቷ መጥቶ ቆመ።

“ትናንትና ዛሬ ቤቴ መጥተሽ ነበር?”

“ምነው ይርዳው፣ ምን ሆነሃል? ከአርባው ወዲህ እግሬ ቤትህን መቼ ረገጠ።” እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፊቱን አየችው። “ደግሞ ልቆጣጠርህ እንዳይመስልህ። ከይርዳው እጅ በቀር ከማንም ጥይት እንዳትቀበል ያልኩት ልጄን እኔ ነኝ።”

ሴትዮዋ አትዋሽም። ይርዳው አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ፣ መንገዱን ሙሉም ሊያስታውሰው ያልፈለገውን ሲያስታውስ መጣ።

ዓምና ገረመው በሞተባት ጧት ሁለቱን የባሩድ ቆርቆሮ አብሮ አውጥቶ ነበር። ችኩል ነበር፤ ለገረመው ውጅግራ፣ ለሌላ ሰው ደግሞ ምንሽር ይሞላል፣ ገረመው ቀድሞ ወጥቶ ከወንዙ ማዶ ካለው ኮረብታ ላይ ከለቅሶተኛው ጋር ይጠብቃል። በዚያ መሐል ከኋላው ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የተረጋጋ፣ የወንድ ይሁን የሴት የማይለይ ድምፅ።

“ስንተኛው ላይ ደረስክ?”

ዞር ብሎ “ስድስት” አለ። ማንም አልነበረም። የመንገድ ሰው ይሆናል ብሎ ሲመለስ እጁ ሰባተኛውን ከየትኛው ቆርቆሮ እንደቀዳ ዛሬም አያውቅም። የሚያውቀው ከደጁ ቆሞ ያየውን ብቻ ነው፤ ስድስቱ ተኩስ ነጭ ጭስ ነበራቸው፣ ሰባተኛው ግን አልነበረውም።

ቅዳሜ ትንፋሹ ሲመጣ አልደነገጠም ቢባል ውሸት ነው። ግን ማን እንደሆነ አሁን ያወቀ መሰለው። ርጥብ ጋቢ፣ ባሩድ፣ በተሰባበረ አፍንጫ የሚያፏጭ ትንፋሽ፤ ወንድሙ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል። ግራጫዋንም የበተነው እሱ ነው፤ ልጄን አደራ ማለቱ ነው። የባሩድ መስፈሪያ ማንኪያውን እንደያዘ፣ ሳይዞር፣ በሹክሹክታ “ገረመው፣ ማረኝ፣ የኔ እጅ ነው” አለ። ትንፋሹ ቆመ፣ ትንሽ ቆይቶም ቀጠለ። መልስ አልመጣም። እንዴት ይምጣ? ባሩድ ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ያናግረዋል፤ ቤቱ ሕግ አለው፣ ገረመው ደግሞ ሕጉን አብሮ ያወጣ ሰው ነው። ሰላም ሳይባል አይናገርም። ይርዳው ይህን ሲያስብ አለቀሰ፤ እንባው ባሩዱ ላይ እንዳይወድቅም ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

እሑድ ጧት አሥራ ሁለቱን ደርድሮ አንድ በአንድ ጆሮው ሥር ነቀነቃቸው። ጥቁሩ ቀለሁን ሞልቶ ስለሚጠቀጠቅ ድምፅ የለውም፤ ግራጫው ግን ጥቂት ስለሆነ ይንኮሻኮሻል። አንዳቸውም አልተንኮሻኮሹም። ዕድሜ ልኩን እንደዚያ ያለ ንጹሕ ሥራ አልሠራም። በዚህ መሐል ምንይችል ነጭ ለብሶ ገባ፣ እንደ ደንቡ ዝም ብሎ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ይርዳው አሥራ ሁለተኛውን አስቀምጦ፣ እጁን ጠርጎ፣ ተነሥቶ ዞረ። ከልጁ አጠገብ አጎዛው ጎድጉዷል።

“እንደምን አደራችሁ” አለ፣ ሁለቱንም።

ምንይችል ዞር ዞር ብሎ አየ። “ብቻዬን ነኝ እኮ፣ ጋሼ።”

ይርዳው ልጁን አቅፎ ሳመው፣ ልጁም አጥብቆ ያዘው፣ ሁለቱም አባትየውን አስበው ትንሽ ቆሙ። እንደተቃቀፉ ከኋላው ጠረጴዛው ላይ ናስ ከናስ ሲነካካ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ፣ አንዴ፣ በጣም ቀስ ብሎ። አልዞረም። ዓመት ሙሉ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ሲነሣለት ይሰማው ስለነበር የናስ ድምፅ ምኑ ነው። ከዚያ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ዝናሩ ላይ ሰካለት፣ ዳግመኛም አልነቀነቃቸውም።

“ጉልበቴ አሞኛል፣ ከዚሁ ሆኜ አያለሁ” ብሎ ሸኘው።

ከይርዳው ደጅ ወንዙ፣ ከወንዙ ማዶ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ኮረብታ ፊት ለፊት ይታያል። ርቀቱ ትንሽ ስላልሆነ ውጅግራ ሲተኮስ መጀመሪያ ጭሱ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ይላል፣ ድምፁ ዘግይቶ ሸለቆውን ተሻግሮ ይመጣል። ይርዳው በርጩማውን ደጃፉ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከውስጥ ምንም ትንፋሽ አይሰማም፤ ሄደ፣ ዐረፈ አለ በልቡ። ረፋዱ ላይ የመጀመሪያው ጭስ ወጣ፣ ድምፁ ተከተለው። ሁለተኛው። ሦስተኛው። እየቆየ አራተኛው፣ አምስተኛው፤ ሁሉም ወፍራም ነጭ ጭስ፣ ሁሉም ያማረ። ስድስተኛው ሲወጣ ይርዳው ፈገግ ብሎ ጣቱን አጠፈ።

ከኋላው መደቡ ሲጥ አለ።

“ስንተኛው ላይ ደረሰ?”

ድምፁ ቀጭንና የተረጋጋ ነበር፣ የወንድ ይሁን የሴት አይለይም። የገረመው አልነበረም። ይርዳው ይህን ድምፅ የሚያውቀው ገረመው ገና በሕይወት እያለ፣ በዚያች ጧት ነው፤ ዛሬ ጧት ደግሞ ሰላም ብሎ የተቀበለው ይርዳው ራሱ ነው። ሊነሣ ፈለገ፣ ወደ ኮረብታው ሊጮህ ፈለገ፣ እግሩ ግን አልታዘዘውም፤ አፉም የገዛ አፉ ያልሆነ ይመስል “ስድስት” ብሎ መለሰ።

ዓይኑን ከዛፎቹ በላይ ተክሎ ነጩን ጭስ ጠበቀ፤ ሰባተኛው የተኩስ ድምፅ ብቻውን ሸለቆውን ተሻግሮ መጣ።