የእማዬ ስም በጥቁር ክፈፍ

ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሬኡት ሮጣ አነሳችው።

«ሻሎም፣ የእልፍነሽ ልብስ ስፌት!»

ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ የማታውቃት ሴት በአማርኛ፣ «የኔ ልጅ… ብቻሽን ነሽ እንዴ?» አለቻት።

«አዎ፣ እማዬ ማምሻዋን ትመጣለች። ሱሪ ነው የሚያሳጥሩት?»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያፈነች መሰለ። ስልኩ ተዘጋ። ከጠዋት ጀምሮ የሚደውለው ሁሉ እንዲሁ ነበር። የሬኡትን ድምፅ ይሰማል፤ ይዘጋል።

ማስታወቂያውን የለጠፈችው ትናንት ነው። ራሷ ነድፋ፣ ፎቶኮፒ ቤት አባዝታ፣ ከሰፈራቸው ከቤት ኤሊዔዘር ሕንፃዎች እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ያገኘችው ግድግዳ ላይ ሁሉ ለጠፈችው። የእናቷን ስም መሃል ላይ በአማርኛም በዕብራይስጥም አግዝፋ፣ ከሥሩ በዕብራይስጥ ብቻ በደቃቁ ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር፣ ከሰንበት በቀር ዘወትር በቤታችን ብላ ከስልክ ቁጥራቸው ጋር ጻፈች። ዙሪያውን በወፍራም ጥቁር ክፈፍ ዘጋችው። ከአዲስ መጤዎች ካራቫን ሰፈር ወጥተው ሀደራ ከተማ ከገቡ ገና ወር አልሞላቸውም። ከአውቶቡስ መስኮት ያየቻቸው፣ ቁም ነገር ያላቸው የሚመስሉ ወረቀቶች ሁሉ እንዲህ ያለ ክፈፍ ነበራቸው። ደንበኛ ከተገኘ እናቷ ዶሮ ፋብሪካ አትገባም። ዛሬ ጎህ ሲቀድ በባቡር ቴላቪቭ የሄደችውም ለሚመጡት ደንበኞች ክርና ዚፕ ልትገዛ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው እትዬ ብዙአለም ድስት ታቅፈው ቆመዋል። ሬኡት ክዳኑን ገለጥ አደረገችው፤ ንፍሮ ነው። ንፍሮ ደግሞ የለቅሶ ቤት ምግብ ነው።

«ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«እንዲያው ነው፣ የኔ እናት። ምንም አይደል። ቅመሽ።» ፀጉሯን ዳበሷት። ዓይናቸው ቀልቷል። ወዲያው ፊታቸውን አዙረው ወጡ።

ሬኡት ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ደረጃው ላይ ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«ልጅቷ እኮ ገና አልተረዳችም።»

«ማንም ትንፍሽ እንዳይል! መጀመሪያ አያቷ አባ ያየህ ይድረሱ። ‹እልፍነሽን ትንሽ አሟታል› ብለው ከአፉላ እያመጧቸው ነው።»

ሰው ሲሞት ለዘመዱ መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» እንደሚባል ታውቃለች። ዜና ፍለጋ ሬዲዮኑን ከፈተች፤ ዘፈን። ሌላ ጣቢያ ሞከረች፤ እዚያም ዘፈን። ባቡሩ ምን ሆኖ ይሆን? ጫማዋን ረግጣ ወደ ባቡር ጣቢያው ሮጠች።

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ የክፍሏ ልጅ አሳፍ ቆሟል። ሕፃን ሆኖ ከኢትዮጵያ የመጣ፣ እዚሁ ሀደራ ያደገ ልጅ ነው። ሲያያት አናቱ ላይ ያለውን ኪፓ ቆብ አስተካከለ።

«ሬኡት… አላወቅኩም ነበር፣ ቤኤሜት፣ የምሬን ነው። እናትሽ መቼ ነው የሞተችው?»

«ማን ነገረህ?»

በአገጩ ግድግዳውን አመለከታት። የእናቷ ስም። ከጎኑ ያው ጥቁር ክፈፍ፣ ውስጡ የአንድ ሟች ስም፣ ከሥሩ የቀብሩ ሰዓትና ሐዘን የሚቀመጡበት ቤት አድራሻ። ሬኡት እነዚህን ወረቀቶች ቀርባ አንብባቸው አታውቅም። ካራቫን ሰፈር መርዶ የሚመጣው በሰው አፍ ነበር እንጂ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም።

አሳፍ ጠጋ ብሎ ደቃቁን አነበበ። «ሬጋ፣ ሬጋ፣ ቆይ! ዚፕ መቀየር? በቁሟ ቀበርሻት እኮ!» ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ተወው። «ስሚ፣ ፍራየር አትሁኚ፣ አትሞኚ። ክፈፉን ያደረገው ፎቶኮፒ ቤቱ ነው በያቸው። ማን ያጣራል?»

እናቷ አልሞተችም። ሬኡት ገና በቅጡ ሳትተነፍስ የአፉላው አውቶቡስ ፊቷ ቆመ። አያቷ አባ ያየህ በሁለት ጎረምሶች ተደግፈው ወረዱ። ሬኡት ወረቀቱን በጀርባዋ ሸፈነችው።

«አባባ! እማዬ ደህና ናት! ማምሻዋን በባቡር ትመጣለች!»

ሽማግሌው ይበልጥ ገረጡ። «ወንድሜ የሞተ ጊዜም ‹ደህና ነው› ነበር ያሉኝ። አንቺም ተማርሽው፣ ልጄ?»

«እውነቴን ነው! ስህተት ነው እንጂ… ፎቶኮፒ ቤቱ ነው…»

አያቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሚያባብላቸውን ሰው ድምፅ ለይተው ያውቁታል። አንዱ ጎረምሳ እንዳይወድቁ በብብታቸው ሥር ያዛቸው።

ሬኡት ከግድግዳው ፈቀቅ አለች። ወረቀቱን ከጥጉ ጀምራ ቀስ ብላ ላጠችው።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ክፈፉን የሳልኩት እኔ ነኝ። የሞት ምልክት መሆኑን አላወቅኩም፤ ያምራል ብዬ ነው። ፎቶኮፒ ቤቱ ያልኩት ፈርቼ ነው።» ቀለሙ ያልለቀቀውን ጣቷን አሳየቻቸው።

አያቷ ጣቷን አተኩረው አዩት። «አንቺ?»

«እኔ።»

በረጅሙ ተነፈሱ። ክንዷን ግን ጨምድደው ያዙት። «ባቡሩ በየት ነው የሚመጣው? በዓይኔ ሳላያት አልቀመጥም።»

ጣቢያው ላይም አልተቀመጡም። ማምሻውን ባቡሩ ብቅ ሲል ጣቶቻቸው ክንዷ ውስጥ ሰመጡ። በሮቹ ተከፈቱ። ወታደሮች ወረዱ፤ ቦርሳ ያንጠለጠሉ ሠራተኞች ወረዱ፤ ከዚያ ለቅጽበት ማንም አልወረደም። ኋላ ከመጨረሻው በር፣ ከረጢት ያቀፈች ሴት።

«ሬኡት!» አለች እናቷ ገና ከሩቅ እየሳቀች። «ደንበኛ መጣ?»

የሬኡት እጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጀርባዋ ሄደ። እዚያ ጥቂት ቆየ። ከዚያ መልሳ አወጣችው፣ ክፈፉ በደንብ እንዲታይ ዘረጋችውና ወደ እናቷ ተራመደች።