አርባ ጥቁር ድሪቶዎች

በሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ አሥራ አራት ቀን፣ ዓለምን ያተራመሰው ታላቁ ጦርነት ባበቃ በስድስተኛው ወር፣ የንጉሡ ጦር ከወንዙ ማዶ ባለው ኮረብታ ላይ አራት መድፍ ጠምዶ አፋቸውን ወደ ደረጃው ሰፈር አዞረ። ሰፈሩ ከወንዙ ዳር አንሥቶ እስከ ማዘጋጃ ቤቱ ሽቅብ የሚወጣ፣ ቤቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙ፣ የላይኛው ጎረቤት ውሃ ሲደፋ የታችኛው የሚሳደብበት ጠባብ ሰፈር ነበር፤ ንጉሡን አባርሮ ከተማይቱን ሁለት ዓመት ለገዛው ሸንጎ ዋነኛ ደጋፊ ነው ተብሎ ስለተወራበትም፣ ጦሩን የሚመራው ሻለቃ ወደ ከተማ ከመግባቱ በፊት እንዳልነበረ ሊያደርገው ቆርጦ ነበር።

የሰፈሩ ሴቶች ይህን አያውቁም፤ እነርሱ ልብስ ያጥባሉ። በዚያ ዓመት የጉንፋን ወረርሽኝ ስንቱን ቤት ስለዘጋ፣ ሸንጎው ሊሸሽ ሁለት ቀን ሲቀረው እንኳ የመጨረሻውን አዋጅ በየግድግዳው ለጥፎ ነበር፤ ማንኛውም ቤት ማክሰኞ ጠዋት የመኝታ ልብሱን በፈላ ውሃ ቀቅሎ እንዲያጥብ፣ ያላጠበም እንዲቀጣ። አዋጁን ያወጡት ሰዎች ሰኞ ማታ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄደዋል። ሴቶቹ ግን ማን እንደሄደ ማን እንደመጣ ሳይጠይቁ እሳቱን አያያዙት።

ድሪቶ ሰፊዋ የራሷን ድሪቶ ከበርሜሉ ውስጥ በዱላ ስታወጣ ክው አለች። ጥቁሩ ቀለም ወርዶ ውሃው ቀለም ሆኗል፤ በጨርቁ ላይ ቀይ መደብ፣ በቀዩ መሐል ደግሞ አንድ ክንድ የሚያህል ነጭ ቁልፍ ወለል ብሎ ይታያል። የንጉሡ ባንዲራ ነው።

«ወይ ጉዴ!» አለችና ድሪቶውን መልሳ ልትደፍቀው ስትል፣ ከበላይዋ ካለው ሰገነት ልብስ አጣቢዋ አንገቷን አስግጋ ጮኸች።

«እትዬ! ምን ዓይነት ጥቁር ነው ያለበስሽን? አንሶላዬን ሁሉ አጨቀየው እኮ! ደግሞ ይኼ ቁልፍ የማን ቤት ቁልፍ ነው?»

«ዝም በይ አንቺ! አስገቢው!»

«የት ላስገባው? እየተንጠባጠበ! አሁን ገና አሰጣሁት።»

ቀና ብላ ብታይ፣ የሰፈሩ ሰገነት በሙሉ፣ ከታች እስከ ላይ፣ ቁልፍ በቁልፍ ሆኗል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ንጉሡ ሸሽተው ሸንጎው ሲገባ፣ ከየመሥሪያ ቤቱና ከየትምህርት ቤቱ የወረደው ባንዲራ በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ተከምሮ ሊቃጠል ሲል፣ የሸንጎው ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ «ይሄን የመሰለ ወፍራም ጥጥማ አይቃጠልም፤ ግፍ ነው» አለ። ጨርቅ በጠፋበት ዘመን ነው፤ የመስኮት መጋረጃ አሰፍቶ የሚለብስ ሰው ሞልቷል። ስለዚህ ክምሩ በጋሪ ተጭኖ ወደ ድሪቶ ሰፊዋ ቤት ሄደ፤ ትእዛዙም አጭር ነበር፤ ለሰፈሩ ድኆች ብርድ ልብስ ይሁን፣ ቁልፉ ግን አይታይ።

ለዚህ ሥራ ከርሷ የተሻለ ሰው አልነበረም። ይህች ሴት ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው የጣለውን እያነሣች ነው የኖረችው፤ ያለቀ ካልሲ ተገምዶ የእግር ምንጣፍ ይሆናል፣ የዱቄት ከረጢት ሽርጥ ይሆናል፣ ከአንድ አሮጌ ካፖርት ገበር ሦስት የትራስ ልብስ ይወጣል፤ የልብስ ቁልፎቹና ማያያዣዎቹ እንኳ በዓይነት በዓይነታቸው በጣሳ ይቀመጣሉ። ከርሷ ጋር የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ደግሞ ቀለም ነካሪ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ስለማይነጣ ሰፈሩ ጥቀርሻ ይለዋል፣ እርሱም በስሙ ከሚጠሩት ይልቅ ለዚህ ቶሎ ብሎ አቤት ይላል። ጥቁሩ የታወቀ ነበር። ለሐዘን ብላ ያስነከረች ሴት ሐዘኗን ጨርሳ ሌላ ባል ካገባች በኋላም ቀሚሷ አይደበዝዝም፤ ጥቀርሻም ይህን ሲነግሩት፣ «የኔ ቀለም ካለበሰው አይወጣም፤ ቆዳውን ነው የምነክረው» እያለ ይኮራ ነበር።

የሁለቱ ሥራ የተከፋፈለ ነው። ጨርቁን ሦስት ጊዜ ነክሮ ሦስት ጊዜ ማድረቅ የርሱ ነው፤ ቀለሙ እንዲይዝ አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት በወፍራም የጨው ውሃ መዘፍዘፍ ደግሞ የርሷ። ባንዲራዎቹ በመጡበት ወር ግን መንገድ ሁሉ ተዘግቶ፣ ጨው ለአንድ ቤት በወር አንድ እፍኝ ሆነ። ድሪቶ ሰፊዋ እፍኟን ይዛ አንዴ በርሜሉን፣ አንዴ ድስቱን ተመለከተች፤ ከዚያም፣ «የድኃ ድሪቶ መቼ ይታጠባል?» ብላ ጨውን ወደ ድስቱ፣ አርባውን ድሪቶ ወደ ባዶ ውሃ ላከችው። ለወንድሟ አልነገረችውም። ብትነግረው ቤቱን ይገለብጠው ነበር።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ፣ ተኳሾቹ ትእዛዝ ሲጠባበቁ፣ ሻለቃው በመነጽሩ ወደ ሰፈሩ ቢመለከት ዓይኑን አላመነም፤ መነጽሩን ጠራርጎ ደግሞ አየ። ከወንዙ ዳር እስከ ማዘጋጃ ቤቱ አርባ የንጉሥ ባንዲራ ተሰጥቷል። «ተኩስ የለም!» አለ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ ይባላል። ጦሩ በድልድዩ ላይ በሰልፍ አልፎ ሲገባ፣ ወታደሮቹ እየተንጠባጠቡ ያሉትን ድሪቶዎች እየተሻሙ ሳሙ፤ በዚያን ቀን ፂሙ ያልጠቆረ ወታደር አልነበረም። ሴቶቹም መሣቅ ይሁን ማልቀስ እንዳለባቸው ግራ ገብቷቸው ቆመው አዩ።

ሰፈሩ ዳነ፤ ጥቀርሻ ግን በማግስቱ ታሰረ። ሸንጎው ለዘቦቹ ክንድ ላይ የሚታሰር ጥቁር ጨርቅ ሲያድል፣ የነከረው እርሱ ነበርና ስሙ በመዝገብ ተገኘ፤ ቅጣቱም ቅዳሜ ዕለት ከሌሎቹ ጋር ወደ ድንጋይ ካባው መላክ ነው፤ ከዚያ ከሄዱት አሥር ሰዎች ሁለቱ ቢመለሱ ነው። ድሪቶ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ሁለት ቀን ውሃ በአፏ አልዞረም። ዓርብ ጠዋት ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ፣ ዳገቱን ወጥታ ማዘጋጃ ቤት ገባች።

ሻለቃው ከትልቅ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል፤ በስተጎኑ ጸሐፊው ይጽፋል፤ ከግድግዳው ላይ ከድሪቶዎቹ አንዱ ተሰቅሏል።

«እነዚህን የሰፉት እርስዎ ነዎት፣ እናቴ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ባንዲራውን ከጠላት ለመደበቅ በጥቁር ቀለም ሸፍናችሁ፣ በክፉ ቀን ተኛችሁበት፤ እኛ ስንመጣ ደግሞ አጥባችሁ አወጣችሁት። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አልሰማሁም። ማነው ያሰበው?»

ባንዲራ የቀደደ ሰው ሞት እንደሚፈረድበት በደጁ ላይ ተለጥፏል፤ እርሷም በራሷ መቀስ ስድሳ ሦስት ባንዲራ ቀድዳለች። እውነቱን ብትናገር ሁለቱም ሊጠፉ ነው። «ወንድሜ ነው ያሰበው፤ ቀለም ነካሪው፤ ነገ ወደ ድንጋይ ካባው የሚሄደው» አለች።

ሻለቃው ጸሐፊውን አየው፣ ጸሐፊው መዝገቡን አየው። «አምጡት» ተባለ።

ጥቀርሻ በሁለት ወታደሮች ተይዞ ገባ። ሦስት ቀን ስላልተላጨ ፊቱም እንደ እጁ ጠቁሯል። እህቱን ሲያይ፣ «አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ።

«አንተ» አለ ሻለቃው፣ «ይህን ድሪቶ የነከርከው ሲታጠብ እንዲለቅ አስበህ ነው?»

ጥቀርሻ ከእስሩ ይልቅ ይህ ቃል አመመው። «እንዲለቅ? የኔ ቀለም? ጌታዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ነክሬያለሁ፤ የኔ ጥቁር ለቀቀ ያለ ሰው ካለ ይምጣና ፊት ለፊቴ ይናገር!»

«ወንድምጋሼ!» አለች እህቱ።

«ምን ወንድምጋሼ ትይኛለሽ? ይኼ የኔ ሥራ አይደለም! እስቲ አሳዩኝ!»

ድሪቶው ከግድግዳው ወርዶ በፊቱ ተዘረጋ። ጥቀርሻ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ባውራ ጣቱ ፈተገው፤ ጣቱን በምላሱ ነካ አድርጎ ቀመሰው። ጨው የለበትም። ነካሪ ለዚህ ሌላ ምስክር አያስፈልገውም። ቀስ ብሎ ቀና አለና እህቱን አያት፤ እርሷም ወለሉን አየች። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ መልሱን ይጠብቃል፤ የጸሐፊው ብዕር ቀለም ጠግቦ በወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ። «ጨው ያልጨመረችው እህቴ ናት» ቢል፣ ሥራው ነጻ ይወጣል፤ ነገሩ ግን ታስቦ ሳይሆን በድንገት የሆነ መሆኑ ይታወቃልና ባንዲራ የቀደደችው ሴት በዚያው ትሰቀላለች።

«አዎን» አለ በመጨረሻ። «እንዲለቅ አድርጌ ነው የነከርኩት።»

«ይጻፍ» አለ ሻለቃው። ከዚያም ተነሥቶ፣ «ይቀመጡ፣ አባቴ» አለው፤ አንተ ማለት እዚያ ላይ አበቃ።

እሑድ ዕለት የተጻፈው ሁሉ በአደባባይ ተነበበ፤ በየግድግዳውም ተለጠፈ። የታመነው ነካሪ፣ ንጉሡን በመውደዱ፣ የሚለቅ ቀለም ነክሮ ሰፈሩን እንዳዳነ ከተማው በሙሉ ሰማ። ሜዳልያ ደረቱ ላይ ሲሰካለት ልብስ አጣቢዋ እልል አለች፤ እያለቀሰችም ነበር፤ ልጆቿ ሁሉ የተኙበት ቤት ከመድፉ አፍ ፊት ለፊት ነበርና። በዚያው ሳምንት ግን አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቀሚሷን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ ይህቺው ልብስ አጣቢ መንገድ ላይ አገኘቻት።

«ወዴት ነው?»

«ጥቀርሻ ጋ፤ ላስነክር።»

«እንዴ፣ እርሱ ጋማ አይሆንም! ጀግና ነው፣ ዕድሜ ይስጠው፤ ግን ቀለሙ እንደሚለቅ እኮ በራሱ አፍ ተናገረ። እኔ ራሴ አንሶላዬን አሁን ድረስ እያጠብኩ ነው። ከድልድዩ ማዶ ያለው ይሻልሻል።»

ሴትዮዋ ተመለሰች፤ ከርሷ በኋላ የመጡትም ተመለሱ። ሰው በመንገድ ሲያገኘው ባርኔጣውን ያነሣለታል፤ ጨርቅ የሚሰጠው ግን ጠፋ። በሐምሌ ሁለት የቀለም ጋን ደረቀ፤ በመስከረም ሦስተኛውም ተሰነጠቀ፤ እህቱም ስንጥቁን አይታ ለአፈር መያዣ ወሰደችው፣ ልማድ ነውና። ወንድሟ በዚህ ጊዜ ከጋኖቹ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«ወንድምጋሼ» አለችው፣ «ጨው ሳልጨምር ቀርቼ ነው።»

«ቀምሼዋለሁ እኮ።»

«ለሰዉ ልናገር? ጥፋቱ የኔ ነው፣ ወንድሜ ቀለሙ አይለቅም ልበል?»

«ተናገሪና ሁለታችንንም ያንጠልጥሉን! ሞኝ አትሁኚ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? አንተን እንዲህ እያየሁ እንዴት እበላለሁ?»

ቆይታ ደግሞ፣ ልትሰማው የማትፈልገውን ጠየቀችው፤ «ወደ ድንጋይ ካባው ብሄድ ይሻል ነበር ትላለህ?»

ጥቀርሻ እጁን አገላብጦ አየ። ከአምስት ወር በኋላ እጁ መንጣት ጀምሯል፤ በጣቶቹ መሐል የሕፃን እጅ የመሰለ ቆዳ ወጥቷል። «አንዳንድ ቀን» አለ። «ጠዋት ጠዋት።»

እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እርሱም ተይ አላላትም፤ ግን አጠገቧ እንደተቀመጠ ዋለ።

ሻለቃው በውለታ የማዘጋጃ ቤቱን ባንዲራ ጠዋት የሚሰቅል፣ ማታ የሚያወርድ ሹመት ሰጠው። ባንዲራው ከባሕር ማዶ ፋብሪካ የመጣ ነበር፤ ፀሐይ ሲመታው በሁለት ወር ይደበዝዛል። ጥቀርሻ ሲያወርደው ሁልጊዜ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ፈትጎ፣ «ይህም ቀለም ተብሎ!» ይላል። በዚህ ሥራ ስድስት ዓመት ኖሮ ሞተ፤ በወታደር ሰልፍ ተቀበረ። እህቱ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ድሪቶ ሰፋች፤ ጥቁር ጨርቅ ሲመጣላት ግን አትቀበልም ነበር።

ታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን አልረሱትም። በንጉሡ ዘመን የታተመው የትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ ስለ ደረጃው ሰፈር አንድ ገጽ ከግማሽ ሲሰጥ፣ ነካሪውን የቀድሞ ወታደር አድርጎታል፤ ኋላ ንጉሡ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወርዱ የታተመው ደግሞ ያንኑ ሰው ከዳተኛ አለው፣ ሰፈሩንም ወቀሰ። ሁለቱም የሚስማሙበት አንድ ነገር ቢኖር ቀለሙ የሚለቅ መሆኑ ነው። ከድሪቶዎቹ አንድም አልተረፈም፤ አልቀው መወልወያ ሆነዋል። በከተማው ሙዚየም ውስጥ ግን፣ በሦስተኛው ክፍል፣ አንዲት የሐዘን ቀሚስ በመስታወት ውስጥ ትታያለች፤ ሦስት ትውልድ ለብሷት፣ ሺህ ጊዜ ታጥባ፣ ዛሬም ጥቁረቷ አልጎደለም። ከሥሯ ያለው ጽሑፍ የተሰፋችበትን ዓመትና የጨርቁን ዓይነት ይገልጻል፤ የነካሪው ስም አይታወቅም ይላል።