የድንቅነሽ ጓሮ

በሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ በሰኔ ወር፣ ከጉጂ አዋሳኝ የተፈናቀለው ሕዝብ በዲላና በአካባቢዋ በየትምህርት ቤቱ ታጭቆ ነበር፤ ዝናቡም ፋታ አልሰጠም። በጪጩ የምትኖረው ባልቴት ድንቅነሽ ግን፣ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር ተፈናቅሎ የመጣውን ታናሽ ወንድሟን ሲላስን ወደ መጠለያ አልሰድም አለች።

«ጓሮዬ ሳለ አንተ ለእርዳታ ስትሰለፍ አላይም!»

እንሰቷ ገና ለጋ ስለ ነበር ተስፋዋ ሁሉ በቆሎውና ጎመኑ ላይ ነበር። በሳምንቱ ቅጠሉ ተበሳስቶ አገኘችው፤ ተምች ገብቷል። እሷና ሲላስ ከማለዳ እስከ ቀትር አንድ በአንድ ለቀሙት።

«ለዶሮዎቹ እንስጠው፣ እህቴ» አላት።

«ይህን ርኩስ ዶሮዎቼ አይበሉም» ብላ፣ ቆጮ እንደምትቀብር አድርጋ ጉድጓድ ማሰች፤ የእንሰት ቅጠል አንጥፋ ተምቹን አፈሰሰችበትና አፈር መለሰችበት። ተገላገልኩ ብላ ደስ አላት፤ ያን ቀን እየዘመረች ዋለች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተምቹ በእጥፍ ተመለሰ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ባርኮት መጣና ጉድጓዱን በእንጨት ጫረ፤ ከውስጡ ቡናማ ባዶ ቅርፊት ወጣ።

«እማማ፣ ተምች እኮ አፈር ውስጥ ገብቶ ነው የእሳት ራት የሚሆነው፤ ያም መልሶ ቅጠል ላይ እንቁላሉን ይጥላል። ጨፍልቀውት ቢሆን ኖሮ…»

«እኔ ነኛ ያረባሁት?»

«ከጎረቤትም ይመጣል» አላት አዝኖ፤ እሷ ግን አልሰማችውም።

ከጓሮው የተረፈው አገዳና የጎመን ጅማት ነበር። ሲላስ በሐምሌ መጨረሻ ብርድ ልብሱን ጠቀለለ።

«አትቀየሚኝ፤ መጠለያው ጋ ስንዴ ይሰፈራል አሉ።»

ቆይ ልትለው አፏን ከፈተች፤ በምን አፏ? እፍረቱ አንገበገባት፤ ታቅፋት የነበረችውን የሲላስን ሕፃን ልጅ ስማ ለእናትዋ መለሰች።

በመጠለያው በር መዝጋቢው የሚያስጠጋው ዘመድ ይኖረው እንደሆነ ሲላስን ጠየቀው። ዘመድ ያለው ከበር ይመለሳል ሲባል ሰምቶ ነበርና «የለኝም» አለ፤ መዝጋቢውም እንደ ነገሩት ጻፈ። የዚያን ክረምት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ የሚያገኘው ያንን ወረቀት ነው፤ በእርሱም ላይ ሲላስ እህት የለውም።