ከሔርሜላ ዓይኖች ሥር

ሔርሜላ በሠርጓ ዋዜማ ረፋድ ላይ ሞታ ስትገኝ ፊቷ ሙሉ ሜካፕ ተሠርቶለት ነበር። ኢንስፔክተር መሰለች አልጋው ላይ ጎንበስ ብላ የሟቿን ዓይን ሥር ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። የጥቁረት መሸፈኛው ቅባት፣ ኮንሲለሩ፣ አንዲት መስመር እንኳ አላወጣም። ከንፈሯ በቀይ ሊፕስቲክ ደምቋል።

ኮመዲኖው ላይ ባለው ብርጭቆ ግርጌ የቀረው አቮካዶ ጭማቂ ነጭ የኪኒን ዱቄት ነበረበት። ጭማቂውን ያመጣችው ጓደኛዋ ሀዊ፣ የፋርማሲ ተማሪ፣ እጇ በካቴና ታስሮ ሳሎን ተቀምጣለች።

«የሷ ነገር አለቀ» አለ ሳጅን ወልዱ። «ኪኒን ታውቃለች፤ ጭማቂውን አምጥታለች። ምን ቀረ?»

«ምሳህ ነው የቀረው።» መሰለች ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳችው። አፉ ንጹሕ ነበር።

የሟቿ አሳዳጊ አክስት ወይዘሮ አትጠገብ ዲላ ውስጥ ስንት ሙሽራ ያስዋቡ የውበት ሳሎን ባለቤት ናቸው።

«ጠዋት እንዴት ነበረች እትዬ?» አለቻቸው መሰለች።

«ደህና ነበረች የኔ ልጅ። ዛሬ ፎቶ ስለነበረ አንድ ሰዓት ላይ ሜካፕ ሠራሁላት። ከዚያ ስናወራ፣ ስንስቅ ቆየን። ሁለት ሰዓት ላይ ያቺ ጭማቂ ይዛ መጣች፤ በር ላይ ተቀብዬ ሰጠኋት። ጠጥታ ጋደም አለች። በዚያው ቀረች።»

«በመሐል ሜካፑን አስተካክለውላት ነበር?»

«እኔ? እኔ አንዴ ከጨረስኩ ጨረስኩ ነው።»

የሔርሜላ እጮኛ ሽብሩ ከፍስሐ ገነት ከተማ በሞተር የመጣ ቡና ነጋዴ ነው።

«ዓይኗ ሥር ለምን ጠቆረ?»

«እንቅልፍ እምቢ ካላት ወር ሆናት። ፎቶ ላይ በሽተኛ እንዳትመስል አንድ ነገር አድርጉ ብዬ እትዬን ለመንኩ።»

«ለምን እንደማትተኛ ጠየቅሃት?»

ሽብሩ ጭቃ የያዘ ጫማውን አየ።

ሀዊ ግን ታውቅ ነበር። «አልፈልገውም ትል ነበር። አብረን እንጥፋ ብላ ለመነችኝ።»

«ምን አልሻት?»

ሀዊ በካቴና የታሰረ እጇን ጭኗ መሐል ሸጎጠች።

መሰለች ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። እሷ ብቻ ቆማ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች።

«እኔም እንቅልፍ የለኝም፤ ይህንኑ ቅባት ነው የምቀባው። ቀርባችሁ እዩ። ከጠዋት ጀምሮ ያወራሁት ሁሉ ዓይኔ ሥር መስመር ሆኖ ወጥቷል። የሃያ ዓመት ልጅም ብትሆን ያው ነው፤ የሳቀ ዓይን ቅባቱን ያጨማድደዋል። ሔርሜላ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አወራች፣ ሳቀች ተባለ፤ ቅባቱ አሁን እንደተቀባ ነው። በመሐል እንዳላስተካከሉት ደግሞ የነገሩኝ ራስዎ ነዎት እትዬ።»

ከመኝታ ቤቱ ይዛ የወጣችውን ብርጭቆ አነሳች።

«ሊፕስቲኳም አለ። ብርጭቆው ላይ ቅንጣት አላረፈም። ጭማቂውን አልቀመሰችውም። ሀዊ በር ላይ ስትደርስ ሔርሜላ ሞታለች። ሜካፑ የተሠራው ለሬሳ ነው።»

ወይዘሮ አትጠገብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። የጣታቸው ጫፍ አሁንም ቅባት ነበረበት።

«የእንቅልፍ ኪኒኑ ለኔ የታዘዘ ነው» አሉ። «አንድ ሌሊት ብትተኛ ይለቃታል ብዬ ማታ ሻይዋ ውስጥ ጨመርኩላት። ማልቀሷን አላቆም ስትል ደገምኩት። ስቀሰቅሳት ቀዝቅዛለች።»

«ከዚያ ሜካፕ ሠሩላት።»

«ሰው እንደዚያ ሆና እንዲያያት አልፈለግኩም። ወር ሙሉ በየጠዋቱ የሸፈንኩት ነው።»

«የቀረውን ኪኒን ደግሞ የሀዊ ጭማቂ ላይ ነሰነሱ፤ ጭማቂውን ደፍተው ግርጌውን አስቀሩልን።»

ወይዘሮዋ የጣታቸውን ቅባት በቀሚሳቸው ጠረጉ።

መሰለች ለማስረጃ የሟቿን ዓይን ሥር በጥጥ ጠረገች። ጥቁረቱ ወጣ። በር ላይ የቆመው ሽብሩ ፊቱን አዞረ።

ወልዱ የሀዊን ካቴና ፈታ። «በይ ሂጂ፤ ነፃ ነሽ።»

ሀዊ ከወንበሯ አልተነሳችም።

«ምን አልሻት ብለሽኝ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯን ሳታያት። «አብረን እንጥፋ ስትለኝ… ኮንሲለር ገዝቼ ሰጠኋት።»