ለትርንጎ ያልተሰጠው ገመድ

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በዳግም ትንሣኤ ሰሞን፣ ከቦንጋ ወደ ደካ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው ደን ውስጥ የጌተሙ ዛፍ አበባ ረግፎ፣ ንቡ ሥራውን ጨርሶ፣ በየዛፉ ጫፍ የተሰቀለው ቀፎ ሁሉ ከብዶ ነበር፤ ከዋናው መንገድ ታጥፎ ወንዝ ተሻግሮ በሚገኝ አንድ መንደር ግን በዚያ ሰሞን ስለ ማሩ ብዛት የሚያወራ ሰው አልነበረም። በገበያም፣ በልቅሶ ቤትም፣ በውኃ መቅጃውም የሚነሣው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ዓለሙ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም?

ነገሩ እንዲህ ነው። የደርግ መንግሥት ከወደቀ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶ ነበር፤ ከቦንጋ የሚመጡ የሽግግሩ መንግሥት ካድሬዎች ሕዝቡን በየዛፉ ጥላ እየሰበሰቡ ስለ ብሔር ብሔረሰቦች መብትና ስለሚመጣው ምርጫ ያስተምሩ ነበር፤ የመንደሩ ሰው ጨዋ ስለሆነ ሁሉንም ያዳምጥና ያጨበጭብ ነበር። የአዲሱን ዘመን ነጻነት በእጁ የዳሰሰው ግን በሁለት ነገር ነው። በቀድሞው መንግሥት ታሽጎ የገበሬ ማኅበሩ የበቆሎ ማከማቻ ሆኖ የኖረው የወንጌላውያን ጸሎት ቤት ለባለቤቶቹ ተመለሰ፤ ኋላ ቀር ልማድ ነው ተብሎ ለዓመታት በስውር ይደረግ የነበረው ደጆ፣ ማለትም ከማር ቆረጣ በፊት ለጫካው ቆሌ የሚቀርበው የምስጋና መሥዋዕት፣ በአደባባይ ወጣ። ሁለቱንም የፈታቸው አንድ አዋጅ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ግን ነጻነቱ ለእርሱ ብቻ የመጣ ይመስለው ነበር።

የደጆው መሪ ባላምባራስ ወልደ ማርያም ነበሩ። ማዕረጋቸውን ያገኙት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው፤ ደርግ ማዕረጉን ቢሽረውም ሕዝቡ አልሻረውም። ባላምባራስ የተጠመቁ ክርስቲያን ናቸው፤ በማርያም ዕለት ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ፤ በሚያዝያ ደግሞ ከትልቁ ዋርካ ሥር ቆመው ለቆሌው ማር ያፈሳሉ፤ ሁለቱ ሲጣሉባቸው አይተው አያውቁም ነበር።

ዓለሙ በበኩሉ ከመንደሩ ዛፍ ወጪዎች ሁሉ የተመሰገነው ነው፤ ሌሎቹ ቀና ብለው አይተው የሚተዉትን ግንድ እርሱ እያፏጨ ይወጣው ነበር። ጸሎት ቤቱ በተከፈተ ማግሥት ጌታን ተቀበለ፤ ተቀበለ ሲባል ደግሞ እንደ ጠባዩ በሙሉ ኃይሉ ነው። የደጆው ቀን ሲደርስ ወደ ዋርካው እንደማይሄድ አስታወቀ። ሰው ሁሉ ዛፉ ይበቀለዋል ብሎ ይጠብቅ ጀመር፤ ምእመናኑም የጌታ ስም የሚከብርበት ቀን መጣ ብለው ይጠብቁ ጀመር፤ ከወደቀ ጸሎት ቤቱ አብሮት እንደሚወድቅ ሁለቱም ወገን ያውቅ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ የተጨነቀችው ግን ሚስቱ ትርንጎ ናት። ይህች ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር ሳትጠይቅ የማታልፍ ፍጥረት ነበረች፤ ካድሬው መብት ሲል ማን ይሰጠዋል ብላ ትጠይቃለች፤ ወንጌላዊው መንግሥተ ሰማያት ሲል እዚያ ንብ አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። አባቷ በደርግ ዘመን ከዛፍ ወድቆ ነው የሞተው። አሁን ደግሞ ባሏ ወደዚያው ወደ ላይ ሊወጣ ነው።

በመንደሩ አንድ ልማድ ነበር። በደጆው ቀን፣ ማሩ ከፈሰሰ በኋላ፣ ወጪዎቹ ሁሉ ወገባቸውን ከግንዱ ጋር የሚያስሩበትን የሐረግ ገመድ ከዋርካው ሥር ይዘው ይቀርባሉ፤ ማንም የራሱን ገመድ አይፈትንም፤ ሰው የራሱን ገመድ ስለሚወድ ጉድለቱ አይታየውም ይባላል። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይዘው እየጠመዘዙ ይጎትቱታል። ገመዱ ከቻለ ባላምባራስ ተቀብለው ለወጪው ሚስት ይሰጣሉ፤ ሚስት ለባሏ ትሰጣለች። የዚያን ዓመት ሚስቶች ሁሉ ገመድ ይዘው ሲመለሱ ትርንጎ እጇን አጣጥፋ ከአጥር ጥግ ቆማ አየቻቸው።

በተከታዩ እሑድ ዓለሙ በጸሎት ቤቱ ተነሥቶ መሰከረ።

"የእኔን ገመድ የሚጠብቅ ጌታ ነው፤ የሰው እጅ እንዲነካው አልፈልግም!" አለ።

ምእመናኑ አሜን አሉ፤ ከሁሉም አጥብቆ አሜን ያለው ከቦንጋ የመጣው ወንጌላዊ ዮሴፍ ነበር። ትርንጎ ብቻ አሜን አላለችም፤ እምነት አጥታ አይደለም፤ ጥያቄ ስላላት ነው።

ማታ እራት ላይ ጥያቄውን አወጣችው።

"ገመዱን አይተኸዋል?"

"ጸልዬበታለሁ።"

"መጸለይህንማ ሰምቻለሁ፤ ጎኔ ተኝተህ አይደል የምትጸልየው? አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ።"

ዓለሙ ሳህኑን ገፋ አደረገ። "ትርንጎ፣ አባትሽን ላንሣብሽ አልፈልግም ነበር፤ አባትሽ ማሩንም አፍስሰዋል፣ በጉንም አርደዋል፤ ወደቁ እኮ! ታዲያ ደጆው ምን አደረገላቸው?"

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ስለነበረ ትርንጎ አልተቀየመችም። አባቷ መሥዋዕቱን ሁሉ አቅርቦ ከወደቀ፣ ሌሎቹ ወጪዎች ደግሞ በየዓመቱ በሰላም ከወረዱ፣ ሰውን ዛፍ ላይ የሚይዘው ምንድን ነው? ይህን እያሰበች አደረች፤ ሲነጋ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ባላምባራስ ቤት ሄደች።

ባላምባራስ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

"እንደምን አደሩ ባላምባራስ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነሽ ልጄ? ባልሽ ላከሽ?"

"አልላከኝም፤ ብነግረውማ ይቆጣ ነበር። የመጣሁት ስለ አባቴ ልጠይቅዎ ነው። በሞተበት ዓመት ደጆው በደንብ ተደርጎ ነበር?"

ሽማግሌው በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። "ተደርጓል። ማሩ ፈስሷል፤ በጉም ታርዷል። አባትሽ እንደውም ከሁሉ ያማረውን በግ ነው ያመጣው።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ታጣቂ አስከትሎ መጣና በተነን፤ የቀረውን ሥጋ እንኳ ሳናነሣ ነው በየጫካው የሮጥነው።"

"ገመዱስ? ገመዱ ተጎተተ?"

ባላምባራስ ይህን ያህል ዓመት ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ስለ ገመዱ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። "አልተጎተተም" አሉ፤ "በየት በኩል ይጎተታል? የዚያን ዓመት የማንም ገመድ አልተጎተተም።"

ትርንጎ ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ለአባቷ እንደገና አለቀሰች፤ በለቅሶዋ መካከል ግን ሌሊቱን ስታስብ ላደረችው ጥያቄ መልሱ ገባት። ከዚያ ተነሥታ፣ ባላምባራስ መጥተው የባሏን ገመድ እንዲፈትኑላት ለመነቻቸው።

"እንዴት አድርጌ ልጄ? ያለ መሥዋዕት ገመድ ነክቼ አላውቅም። ደግሞስ ባልሽ ያስነካኛል? በጉባኤ ፊት ተናግሮ የለም?"

"ዛሬ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው የሚወጣው" አለችና ተሰናብታ ወረደች።

ወንጌላዊ ዮሴፍ በጸሎት ቤቱ ውስጥ ነቀዝ የበላውን አግዳሚ ወንበር እያደሰ ነበር፤ ከወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገበሬ ማኅበሩ በቆሎ ፍሬ ገና አልጠፋም። ትርንጎ ከበሩ ላይ ቆመች።

"ወንጌላዊ፣ አንድ ነገር ይንገሩኝ። እግዚአብሔር ሰውን ሲጠብቅ በምንድን ነው የሚጠብቀው?"

"በኃይሉ ነዋ እትዬ ትርንጎ!"

"እሱንማ አምናለሁ። ኃይሉ ወደ እኛ ሲመጣ በምን በኩል ነው የሚመጣው ነው የምልዎ። ልጄ ሲታመም ጸለዩለት፤ ከዚያ ክሊኒክ ይውሰዱት አሉኝ፤ ያኔ እምነትዎ ጎድሎ ነበር?"

"አልጎደለም።"

"ታዲያ ገመዱን ብናየው ምኑ ላይ ነው የሚጎድለው?"

ዮሴፍ መዶሻውን አስቀመጠ። ገና ወጣት፣ ቅን ሰው ነበር፤ ቅን ሰው ሲጠየቅ እንደሚያደርገው መልስ ከመስጠት ይልቅ አሰበ። እሑድ ዕለት አሜን ሲል በልቡ የነበረው የጉባኤው ድል ነበር፤ ስለ ሐረጉ ለአፍታም አላሰበም ነበር። ኮቱን ከምስማሩ ላይ አውርዶ ለበሰና፣ "ዛፉ የት ነው? ይምሩኝ" አላት።

ከዛፉ ሥር ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር፤ መንደሩም ግማሹ ከዚህ፣ ግማሹ ከዚያ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ዓለሙ የማር ማውረጃ አቁማዳውን አንግቶ፣ የሚጨስ ችቦውን አዘጋጅቶ፣ ገመዱን ግንዱ ላይ ሊያዞር ሲል ዮሴፍ ጠራው።

"ወንድም ዓለሙ፣ ቆይ፤ ገመድህን እንየው።"

"ምን አሉ?" የዓለሙ ፊት ተለዋወጠ። "አሜን ብለው የለም? እኒህ ሁሉ ሰዎች እየሰሙ እኮ ነው የመሰከርኩት! አሁን ብፈትነው ፈርቶ ተመለሰ አይሉኝም?"

"ይበሉሃ!" አለች ትርንጎ። ከሰው መካከል ወጥታ ገመዱን ያዘች። "ቢሉህ ምን ትሆናለህ? እኔ የምፈራው የሚሉህን አይደለም። አባቴን ከዛፍ ሥር በቃሬዛ ተሸክመው ሲያመጡት አይቻለሁ፤ አንተንም እንደዚያ ሊያመጡልኝ አይገባም። ጌታ ይጠብቅሃል፤ አምናለሁ። እኔን ሚስት አድርጎ የሰጠህ እርሱ አይደለም? ታዲያ የእኔ እጅ ቢነካው ምን አለ?"

ዓለሙ ያን ጊዜ እጁን ለቀቀ፤ አምኖበት ሳይሆን ሚስቱ ገመዱን እንደማትለቅ አይቶ ነው። ዮሴፍ አንዱን ጫፍ ያዘ፤ ሌላውን የሚይዝ ግን ጠፋ፤ ምእመናኑ አፍረው፣ የደጆው ሰዎች ፈርተው ቆሙ። በዚህ መካከል ከደጆው ሰዎች ወገን ከዘራ ሲወድቅ ተሰማ፤ ባላምባራስ ወልደ ማርያም ካባቸውን ወደ ኋላ እየጣሉ መጡ።

"ባላምባራስ!" አለ ከኋላቸው አንድ ሰው፤ "ያለ መሥዋዕት?"

"መሥዋዕቱን እኔና ቆሌው እንነጋገርበታለን" አሉ። ከዚያም ወደ ዮሴፍ ዞረው፣ "አንተ የቦንጋ ሰው፣ እንደ ላም ገመድ አትጎትተው፤ ወደ ቀኝ ጠምዝዝ" ብለው ጫፉን ጨበጡ።

ጠመዘዙ፤ ጎተቱ። ገመዱ መጀመሪያ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ከመካከሉ ደረቅ ድምፅ ሰጠ፤ ከዚያ ተበጠሰ። ወንጌላዊው በአንድ ወገን፣ የደጆው መሪ በሌላ ወገን በጀርባቸው ተዘረሩ።

ማንም አልሳቀም፤ ሳቁ የመጣው ቆይቶ፣ በዓመቱ ነው። ትርንጎ የተበጠሰውን ጫፍ አንሥታ አየችው፤ ከላይ ጤነኛ፣ ከውስጥ ጥቁር ነበር። ገመዱ ክረምቱን የከረመው ከቤታቸው ቆጥ ላይ ነው፤ ጣሪያው በአንድ በኩል ያፈስ ነበር፤ ያ ጠብታ ሐምሌንና ነሐሴን አንድ ቦታ ላይ ሲወርድበት ከርሟል።

ዓለሙ ወደ ዛፉ ጫፍ ቀና ብሎ አየና መሬት ላይ ተቀመጠ። "ጌታ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር እኮ" አለ በቀጭን ድምፅ።

"ጠበቀህ እኮ" አለ ዮሴፍ፣ ገና ከመሬት ሳይነሣ።

የዚያን ዕለት ማንም አልወጣም። ሐረግ ተቆረጠ፤ አዲሱ ገመድ በጸሎት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተገመደ፤ ባላምባራስም የገማጆቹ አለቃ ሆነው፣ ጸሎት በሚደረግበት ጊዜ ከአጥሩ ውጭ እየቆዩ፣ ጸሎቱ ሲያበቃ እየገቡ አስገመዱ። ሲያልቅ ተጎተተ፤ ቻለ። ባላምባራስ ለትርንጎ ሰጧት፤ ትርንጎ ለባሏ ሰጠችው። እርሱ ላይ በነበረበት ጊዜ ሁሉ እታች ቆማ ጸለየች፤ ፈራችም፤ ጸልያ መፍራቷ አስገርሟት፣ ስለዚህ ነገርም አንድ ቀን ወንጌላዊውን እጠይቃለሁ ብላ በልቧ ያዘች። ዓለሙ ማሩን አውርዶ በሰላም ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ መንገዱ ተሠርቶ፣ ቦንጋም ባጃጅ የሚርመሰመስባት ከተማ ሆናለች። የዚያን ዓመት ነገር በመንግሥት ቢሮ የሚያስታውሱ ቢኖሩ የሚያነሡት ምርጫውን ነው። ጸሎት ቤቱ የተከፈተበት ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር፣ ወንድም ዓለሙ ያለ መሥዋዕት ወጥቶ እንዳልወደቀ ተመሰከረ፤ እልልታውም ቀለጠ፤ ስለ ተበጠሰው ገመድ ግን የተናገረ የለም። በደጆው ወገን ደግሞ ባላምባራስ ወልደ ማርያም ገመዱን ባይዙለት ኖሮ ቆሌው አይለቀውም ነበር ይባላል። ሁለቱም ወገን የሚያስታውሰው ለራሱ የሚበጀውን ነው፤ ታሪክ ሲነገር እንዲህ መሆኑ አዲስ ነገር አይደለም።

ነገር ግን በየዓመቱ፣ ከማር ቆረጣው በፊት ባለው እሑድ፣ የጸሎት ቤቱ ዛፍ ወጪዎች ገመዳቸውን ይዘው ወደ ግቢው ይመጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ይጎትታል፤ የቻለው ገመድ ለሚስት ይሰጣል፤ አሜን የሚባለውም ከዚያ በኋላ ነው። ከጥንት የመጣ ሥርዓት የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። ማን እንደጀመረው የሚጠይቅ ሰው የለም፤ በዚያ መንደር መጠየቅ የትርንጎ ሥራ ነበር፤ እርሷም ስለ ራሷ ጠይቃ አታውቅም።