የሐሙስ ተረኛ

ከዋናው መንገድ ከፍ ብሎ፣ ሦስተኛው ቅያስ ላይ፣ መስኮቷ ወደ መንገድ የዞረ አንዲት ክፍል አለች። ውስጧ ያለው የእግር ስፌት ማሽን፣ የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛና አንድም ቀን ዘግይቶ የማያውቅ የግድግዳ ሰዓት ነው። ባለቤቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሃምሳ ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት፣ ባል ያላገባች፣ ልጅ ያልወለደች። የሰፈሩ ሰው «እትዬ ሰዓት» ይላታል። ቀሚሱ ማክሰኞ በስምንት ሰዓት ይደርሳል ካለች በስምንት ሰዓት ነው፤ አምስት ደቂቃ ያሳለፈ ደንበኛ ከቀሚሱ ጋር ቁጣዋንም ደርቦ ይሄዳል። ግን አንባቢ ሆይ፣ ይህች ሴት እንዲህ ደርቃ የተወለደች አይምሰልህ! እሷም በአንድ ወቅት የምትስቅ፣ የምትዘፍን፣ ጨርቅ ላይ ተደፍታ ስለ ነገ የምታልም ልጅ ነበረች...

እናትና አባቷ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ሃያ፣ ታናሽ እህቷ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዘመድ አዝማድ ለሳምንት ያህል ከንፈር መጦ ተበተነ። ታላቂቱ እንባዋን ጠርጋ ማሽኑ ላይ ቁጭ አለች፤ ለዐሥር ዓመትም ከዚያ አልተነሳችም ማለት ይቻላል። ከጉሮሮዋ እየነጠቀች ትንሿን አበላች፣ ከሰው ልብስ በተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ከሰው በላይ አለበሰቻት፣ አስተማረቻት። «ሚጣ» ትላታለች፤ ሚጣም «እቴቴ» ትላታለች። ልጅቷ የአስተማሪዎች ማሠልጠኛ ለመግባት ሳምንት ሲቀራት፣ አንድ ቀን ታላቂቱ ከገበያ ስትመለስ ማሽኑ ላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አገኘች። «የጭነት መኪና ሾፌር አግብቻለሁ። አትፈልጊኝ» ትላለች። በቃ! ዐሥር ዓመት ሙሉ እናትም አባትም ሆና ያሳደገች እህት የምታገኘው ይህችን ታህል ቃል ነው?

ከዚያ ወዲህ ልቧ ተቆለፈ። ደብዳቤዎች መጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ዘጠኝ። አንዱንም አልከፈተችም። የካውያዋን ከሰል አቀጣጠለችባቸው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ታናሺቱ ባሏ ሞቶባት፣ ልጅም ሳትወልድ ተመለሰችና ከዋናው መንገድ በታች አንዲት ክፍል ተከራይታ ሕፃናት ማስተማር ጀመረች። መጥታ በር ብታንኳኳ ከውስጥ የሰማችው «እህት ነበረችኝ፤ ሞታለች» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። አስቀድማ ያለቀሰችው ግን ከበሩ በስተውስጥ ያለችው ነበረች። እንዲህ ሆነው በሦስት መንገድ ርቀት ሰባት ዓመት ኖሩ።

ቤተ ክርስቲያናቸው ትልቅ ናት፤ እሑድ እሑድ ሰው ጎረቤቱን እንኳ ሳያይ ገብቶ ይወጣል። ስለዚህ መጋቢው ምእመኑን በየሰፈሩ በትናንሽ ኅብረት አደራጁት። ከዋናው መንገድ በላይ ያለው አንድ ኅብረት፣ በታች ያለው ሌላ። ረቡዕ በዐሥራ አንድ ሰዓት በየአባሉ ቤት እየዞሩ ይሰበሰባሉ፤ ይዘምራሉ፣ ቃሉን ያነባሉ፣ አንዱ የሌላውን ጭንቀት ይሸከማል። የላይኛው ኅብረት መሪ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ «ጋሼ ፖስታ» ይባላሉ። ጸሐፊዋ ማን እንደሆነች መናገር ያስፈልጋል? ሕጉን ያረቀቀችውም እሷው ናት፦ አባል ሲታመም ሰባት ሰዎች ዕጣ አውጥተው የሳምንቱን ቀናት ይከፋፈላሉ፤ ተረኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አንድ ሰዓት ከታማሚው አይለይም፤ ተራ አይለወጥም። ከአባላቱ አንዷ የሆነችው ዳቦ ጋጋሪ አንዴ የእህቷ ልጅ ሰርግ ደርሶባት ቀን እንዲቀየርላት ብትለምን «በሽታ ሰርግ አያውቅም» ብላ መለሰቻት። ዳቦ ጋጋሪዋ ያን ሰርግ እስከዛሬ በፎቶግራፍ ነው የምታውቀው።

ታዲያ ምን ይሆናል? የታችኛው ሰፈር ቤቶች ለመንገድ ሥራ ሲፈርሱ ኅብረቱ ሳሳና የቀሩት ጥቂቶች ከላይኛው ጋር ተቀላቀሉ። አንድ ረቡዕ ታናሺቱ ወንበሯን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ታላቂቱ በሩ አጠገብ። ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ክፍል ዘመሩ፣ በአንድ ክፍል አሜን አሉ፣ ዓይን ለዓይን ግን አልተያዩም። በሦስተኛው ወር መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። ልብ ድካም ነው ተባለ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ካደረጉ በኋላ መድኃኒት ሰጥተው፣ የምትጠጣውን ውኃ ለክተው ወደ ቤቷ መለሷት። ከእንግዲህ ወራት እንኳ መኖሯን እንጃ አሉ።

ጋሼ ፖስታ ሰባት ወረቀት በአሮጌ የሥራ ኮፍያቸው ውስጥ ጨምረው አዞሩ። እትዬ ሰዓት እጇን ሰደደች፤ ሐሙስ ወጣላት። ስብሰባው እንዳለቀ መሪውን ወደ ጥግ ወሰደቻቸው።

«ጋሼ፣ የኔን ቀን ለዳቦ ጋጋሪዋ ይስጡልኝ።»

«ሕጉን የጻፍሽው አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ፤ ግን እኔ እኮ...»

«ልጄ፣ ዘጠኝ ደብዳቤ በዚህ እጄ አድርሼልሻለሁ። ምን እንዳደረግሻቸው የጭሱ ሽታ ይነግረኝ ነበር። ይህን ደግሞ ዐሥረኛው ነው እንበል። ፖስተኛ ያደረሰውን አያስመልስም።»

በገዛ ገመዷ ታሰረች! ዳቦ ጋጋሪዋ ከበሩ ሆና የሰርጉን ዓመት በጣቷ እየቆጠረች ፈገግ አለች።

በመጀመሪያው ሐሙስ ልክ በአንድ ሰዓት ደረሰች። ወለሉን ጠረገች፣ ሾርባ ሠራች፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ በማንኪያ ሰጠች፤ አንዲት ቃል ግን ከአፏ አልወጣችም። ታማሚዋ ጋደም ስትል ትንፋሽ ስለሚያጥራት ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ፣ በተደራረቡ ልብሶች ተደግፋ፣ እህቷን በዓይኖቿ ትከተላለች። በሁለተኛው ሐሙስ እትዬ ሰዓት አንድ ትልቅ የጀርባ ትራስ ይዛ መጣች፤ ሦስት ቀን የሰፋችው ነው። «ይሄ የልብስ ክምር እየተንሸራተተ ሥራ አስፈታኝ» አለች ለግድግዳው። በሦስተኛው ያበጡ እግሮቿን በለብታ ውኃ አጠበች፤ የግራው አውራ ጣት ላይ ያለውን ጠባሳ ስታይ እጇ ለአፍታ ቆመ። ሚጣ በሰባት ዓመቷ በመቀስ የተቆረጠችው ነው። ሁለቱም ያንን አሰቡ።

በአራተኛው ሐሙስ ታላቂቱ የታማሚዋን ፀጉር ከኋላዋ ሆና ታበጥር ነበር። ፊት ለፊት አለመተያየታቸው ሳይሆን አይቀርም ያደፋፈራት፤ ሚጣ ተናገረች።

«እቴቴ፣ አናጺውን ለምን አላገባሽውም?»

ማበጠሪያው ቆመ። «የቱን አናጺ?»

«በር ላይ ቆሞ ይለምንሽ የነበረውን። ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ‹ይህችን ልጅ ጥዬ ትዳር አላስብም፣ ሌላ ፈልግ› አልሽው። እሱ እጠብቅሻለሁ ብሎ ሲሄድ ማሽኑ ላይ ተደፍተሽ አለቀስሽ። እኔ ከሌለሁ ታገባዋለች አልኩ።»

«እና... ለዚህ ነው የሄድሽው?»

«ብነግርሽ ትለቂኝ ነበር? ሾፌሩ አግቢኝ ሲለኝ እሺ አልኩ። ደግ ሰው ነበር፤ አልተጎዳሁም። ትዳርሽን ሳትይዢ እንዳትመልሺኝ ብዬ ነው አትፈልጊኝ ያልኩሽ። ሁሉንም በደብዳቤ ጽፌልሽ የለ? መልስ ስጠብቅ...»

አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ሰዓት የዚያችን ሴት ልብ ማን ሊገልጸው ይችላል? አናጺው ሚጣ በጠፋች በሳምንቱ መጥቶ ነበር። እሷ ግን በንዴት አብዳ ለእሱም በር አልከፈተችም፤ ዓመት ጠብቆ ሌላ አገባና ከከተማው ወጣ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥላኝ ሄደች ስትላት የኖረችው እህቷ፣ ለካ ስለ እሷ ተሰውታ ነበር! ለማንም ያልጠቀመ መሥዋዕት ሆኖ ቀረ... ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። ዞራ መጥታ አልጋው ሥር ተንበረከከች።

«አላነበብኩትም ሚጣ። አንዱንም አላነበብኩትም። ከሰል ነው ያቀጣጠልኩበት!»

ታማሚዋ ምን እንዳደረገች ብነግራችሁ አታምኑም፤ ሳቀች! ሳል እስኪያንቃት ሳቀች። «እናታችን ይህን ብትሰማ... ሁለታችንንም በአንድ ልምጭ ነበር የምትገርፈን!» አለች። ታላቂቱም እንባዋ ሳይቆም ሳቁ ያዛት። በሳቅና በልቅሶ መካከል «ይቅር በዪኝ» አለች።

«እኔ እኮ ይቅር ያልኩሽ የመጀመሪያው ደብዳቤ መልስ ሲያጣ ነው። ስምንቱን የጻፍኩት ናፍቄሽ ነው።»

በማግስቱ አርብ ዳቦ ጋጋሪዋ ትኩስ ዳቦ ታቅፋ ለተራዋ ብትመጣ ትናንት የነበረችው ተረኛ ጓዳ ውስጥ ሻይ ታፈላለች።

«እትዬ ሰዓት! ሰዓትሽ ቆመ እንዴ? ዛሬ እኮ የኔ ቀን ነው፤ ተራ አይለወጥም።»

«ግቢ ባክሽ፣ አትጨቅጭቂኝ። ተራ አይለወጥም አልኩ እንጂ አይደረብም አላልኩም።»

ቅዳሜ ጋሼ ፖስታ የእጅ ጋሪ አምጥተው ማሽኑን ከሦስተኛው ቅያስ ወደ ታች ገፉላት፤ በየደረሱበት እየቆሙ «ይህ ደብዳቤ ከበደ» እያሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የታማሚዋ ክፍል የስፌት ቤት ሆነች። ደንበኞች ቀሚሳቸውን ፍለጋ ወደ ታች ወረዱ፤ ባለቀጠሮው ቢዘገይ የሚቆጣው ጠፋ። ሁለቱ እህቶች ቀኑን ሙሉ ያወራሉ፣ ስለ ልጅነታቸው ይከራከራሉ፤ ማን ማንን እንደገፋ፣ የትኛዋ ጀበናውን እንደሰበረች። ሚጣ የስፌት ክር ትሰካለች፣ እቴቴ ትሰፋለች። ሚጣ ታስተምራቸው የነበሩት ሕፃናት በመስኮቱ ሲያልፉ እጃቸውን ያውለበልባሉ። የሰፈሩ ሰው ሊጠይቅ እያዘነ ገብቶ እየሳቀ ይወጣል። ሞት በሩ ላይ ቆሞ እያዩት እንዲህ ደስ ብሎ መኖር ይቻላል? ይቻላል፤ እነሱ ኖረውታል።

ግን እግሯ ይበልጥ አበጠ፣ ትንፋሿ አጠረ። ሐኪሙ መጥቶ አዳምጦ፣ የልብ ማዳመጫውን አጣጥፎ፣ ታላቂቱን ትከሻዋ ላይ መታ አድርጓት ሄደ።

ከመጀመሪያው ሐሙስ ወዲህ በስድስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ በዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ኅብረቱ በዚያች ክፍል ተሰበሰበ። ወንበር ስላልበቃ ግማሹ በሩ ላይ ቆመ። ታላቂቱ አልጋው ላይ ወጥታ ከኋላ ተቀመጠችና እህቷን ደረቷ ላይ አስደገፈቻት፤ መዳፏ የሚጣ ደረት ላይ ነበር፣ ትንፋሿ ከፍ ዝቅ ሲል ይሰማታል። ምን እንዘምር ሲሏት ሚጣ ሕፃናቱን ታስተምረው የነበረውን አጭር መዝሙር መረጠች። ዳቦ ጋጋሪዋ አነሳችው፤ ጋሼ ፖስታ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀበሉ። ሚጣም በከንፈሯ ተከተለች።

ሁለተኛው አዝማች ላይ ከመዳፏ ሥር የነበረው ትንፋሽ ዝቅ አለ... ከዚያ አልተመለሰም። ታላቂቱ ጠበቀች። አልተመለሰም! ምን ታድርግ? ትጩህ? ፀጉሯን ትንጭ? ቀና ብላ አየች፤ ሁሉም በሙሉ ልባቸው እየዘመሩ ነው፤ የዳቦ ጋጋሪዋ ፊት በደስታ በርቷል። ጉንጯን የእህቷ ፀጉር ላይ አሳረፈች፣ እቅፏን አጠበቀች፣ በሌለችው ድምፅ ፈንታ እሷ ጨምራ ዘመረች። ሦስተኛውንም እስከ መጨረሻ ዘመሩት፤ ስለጣፈጣቸውም ደገሙት። እሷም ደገመች።

መዝሙሩ ሲያበቃ ጋሼ ፖስታ «እንጸልይ» አሉ።

«ቀስ ብለው ይጸልዩ፣ ጋሼ» አለች። «እህቴ እየዘመርን ሄዳለች።»

ሰውን ከሰው የሚለያየው ክፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓለም እንዴት በቀለለች! እነዚህን ሁለቱን ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለያያቸው ፍቅር ነበር፤ አፍ አውጥቶ ያልተናገረ ፍቅር። የተቃጠለው ዘመን አይመለስም፣ ያልተከፈተው በር ወደ ኋላ ተመልሶ አይከፈትም። ከቀብር መልስ ሰዎች ሊያጽናኗት ተሰብስበው ዕድሏን ሲራገሙላት ልብስ ሰፊዋ እጇን አንስታ አስቆመቻቸው።

«ተዉ፣ አትራገሙ» አለች፣ እንባዋን ሳትጠርግ ፈገግ ብላ። «አርባ ሁለት ቀን እህት ነበረችኝ።»